የአሃዛዊ ስልክ ማዞሪያ ካርዶችና ክፍሎች፦ ለመምህራንና ለዕቅድ አዘጋጆች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪ.ሜ. ርዝመት ያለው መስመር የረጅም ርቀት ግንኙነት መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ በኋላ አገልግሎቱ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ደረጃ በደረጃ ተስፋፋ። መጀመሪያ ደዋይን ከተደዋይ የሚያገናኘው ገመዱን በእጁ የሚሰካ ሠራተኛ ነበር። ይህ ተግባር በኋላ ወደ መካኒካዊ መሣሪያ፣ ከዚያም ወደ ኤሌክትሮኒክ ካርድ ተላለፈ። በዓለም ላይ አሃዛዊ ማዞሪያ በሥራ ላይ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 በፈረንሳይ አገር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአሃዛዊ ማዞሪያ ውስጥ ያሉት ካርዶች ምን እንደሚሠሩ፣ ሲበላሹ በምን እንደሚታወቁና ከዚህ ዕውቀት ትምህርት ቤቶችና ዕቅድ አዘጋጆች ምን ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ማስረዳት ነው። ምሳሌዎቹ በተቻለ መጠን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ያለ ተማሪ ከሚያውቀው ኑሮ የተወሰዱ ናቸው።

1. ድምፅ ወደ ቁጥር ስለ መለወጡ

የተናጋሪው ድምፅ በስልኩ መነጋገሪያ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ ይሆናል። ማዞሪያው ይህን ሞገድ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይለካዋል። እያንዳንዱ ልኬት ከ256 ደረጃዎች በአንዱ ተመድቦ በስምንት የዜሮና የአንድ ምልክቶች ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ንግግር በሴኮንድ 64,000 ምልክቶችን ይጠይቃል ማለት ነው። የስልክ ድምፅ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ባለው ክልል የተወሰነ በመሆኑ፣ 8,000 ልኬት ከከፍተኛው ሞገድ ከእጥፍ በላይ ስለሚሆን ንግግሩን መልሶ ለመሥራት ይበቃል።

በሁለት ልኬቶች መካከል ያለው ጊዜ ከሴኮንድ አንድ ስምንት ሺኛ ነው። ይህ ጊዜ ለ32 ተራዎች ይከፈላል። ሠላሳው ተራ ለንግግር፣ አንዱ ጊዜን ለማስተካከያ፣ አንዱ ለጥሪ ምልክቶች ይውላል። በዚህ ዓይነት አንድ መስመር በሴኮንድ 2,048,000 ምልክቶችን ተሸክሞ የ30 ሰዎችን ንግግር ሳያደባልቅ ያስተላልፋል።

2. የውኃ ተራ ምሳሌ

ይህን አሠራር ለተማሪ ለማስረዳት የመስኖ ውኃ ተራ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በሜጫ ወረዳ፣ በመርዓዊ አቅራቢያ የተሠራው የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። የቦዩ ውኃ ለሁሉም ማሳ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም፤ ለእያንዳንዱ ተራው ሲደርስ ይከፈትለታል። ሌሊት የሚወርደውም በማጠራቀሚያ ኩሬ ይቆይና በሌላ ሰዓት ይለቀቃል።

ማዞሪያው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በሦስተኛው ተራ የመጣውን የአቶ እገሌን ልኬት በማስታወሻ ካርድ ውስጥ ለአፍታ ያቆይና በአሥራ ሰባተኛው ተራ ለተደዋዩ ይለቀዋል። ሁለት ሰዎችን ማገናኘት ማለት እንግዲህ ሽቦን ከሽቦ መግጠም ሳይሆን ተራን በተራ መለወጥ ነው። ማን በየትኛው ተራ እንደሚሄድ የሚወስነው የመቆጣጠሪያው ካርድ ሲሆን፣ ተግባሩ ከውኃ አባት ተግባር ጋር ይመሳሰላል።

ይሁን እንጂ ምሳሌው ወሰን እንዳለው መምህሩ ማሳሰብ ይኖርበታል። ገበሬው ያልተጠቀመበትን ውኃ ለጎረቤቱ መልቀቅ ይችላል። በማዞሪያው ግን ለአንድ ንግግር የተሰጠ ተራ ተነጋጋሪዎቹ ዝም ቢሉም እስከ ጥሪው ፍጻሜ ተይዞ ይቆያል። በብዙ አገሮች አሃዛዊ ማዞሪያን እየተካ የመጣው፣ መልእክትን እየከፋፈለ የሚልከው አዲሱ ሥርዓት ከቀደመው የሚለይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

3. ዋና ዋናዎቹ ካርዶችና ክፍሎች

ሀ. የመስመር መደልደያ። ከከተማው የሚመጡት ሽቦዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፉበት ነው። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት በጎጃም ደጋ የመብረቅ መከላከያው በዚህ ቦታ መገኘቱና ከመሬት ጋር በሚገባ መያያዙ ከሁሉ ይቀድማል።

ለ. የመስመር ካርድ። ከ8፣ ከ16 ወይም ከ32 ደንበኞች ጋር የሚገናኝ ነው። ለስልኩ ኃይል ይሰጣል፤ ከከፍተኛ ቮልቴጅ ይከላከላል፤ ደወል ይልካል፤ እጀታው መነሣቱን ያውቃል፤ ድምፅን ወደ ቁጥር፣ ቁጥርንም ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ የሚሄደውን ንግግር ከሚመጣው ይለያል፤ መስመሩንም ለመፈተን ያስችላል። በአንድ ማዞሪያ ውስጥ በቁጥር የሚበዛው ይህ ካርድ ነው።

ሐ. የቁጥር ተቀባይ ካርድ። ደንበኛው ሲደውል እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያሰማል፤ ለምሳሌ 5 ቁጥር 770 እና 1,336 ኸርዝ ነው። ካርዱ ሁለቱን ለይቶ አሃዙን ያውቃል።

መ. የመገናኛ ካርድ። ማዞሪያውን ከሌላ ከተማ ማዞሪያ ጋር ያገናኛል።

ሠ. የተራ ለዋጭና የመቆጣጠሪያ ካርዶች። አገልግሎቱ በሙሉ በእነርሱ ላይ ስለሚያርፍ ብዙውን ጊዜ በጥንድ ይሠራሉ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካዋል።

ረ. የኃይል ክፍል። ባለ 2 ቮልት 24 ባትሪዎች ተቀጣጥለው 48 ቮልት ይሰጣሉ። የመብራት ኃይል ቢቋረጥም ስልኩ የማይቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ብልሽትን ከምልክቱ ስለ መለየት

የካርዶቹን ተግባር ያወቀ ተማሪ መሣሪያ ሳይነካ በማሰብ ብቻ ብዙ ብልሽቶችን ሊለይ ይችላል። የሚከተሉት አራት ሁኔታዎች ለክፍል ውይይት ተስማሚ ናቸው።

አንደኛ፣ የአንድ ቤት ስልክ ብቻ ዝም ቢል ጥርጣሬው በሽቦው ወይም በካርዱ አንድ ክፍል ላይ ነው። የውጭው ሽቦ ከመደልደያው ተነቅሎ በውስጥ በኩል ሲሞከር የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ በውጭ ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ ካርድ ላይ የተሰኩ 16 ደንበኞች በአንድ ጊዜ ቢያጡ ካርዱን መጠርጠር ይገባል። ሦስተኛ፣ በፍኖተ ሰላም ውስጥ መነጋገር እየተቻለ ቡሬም ሆነ አዲስ አበባ ባይገኝ ጥፋቱ በመገናኛ ካርዱ ወይም ከእርሱ በሚወጣው መስመር ላይ ነው። አራተኛ፣ ከተማው በሙሉ ዝም ቢል አስቀድሞ የሚታየው የኃይል ክፍሉ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ሊጨመር ይችላል። 200 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 10 አምፔር ለሚወስድ ማዞሪያ ስንት ሰዓት ያገለግላል? በሒሳብ 20 ሰዓት ነው። ባትሪው ሲያረጅ ግን መጠኑ ስለሚቀንስ፣ ዕቅድ በሒሳቡ ብቻ ሊወጣ አይገባም።

5. ለዕቅድና ለማስተማር ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

ካርድ ሲበላሽ በገጠር ከተማ የሚደረገው ጥገና አብዛኛውን ጊዜ ነቅሎ መተካት ነው። ይህም ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን መለዋወጫ ከሌለ ትልቁም ማዞሪያ ከንቱ ይሆናል። አምራቹ የካርዱን ዓይነት መሥራት ካቆመ ችግሩ ይበልጥ ይከብዳል። ስለሆነም መሣሪያ ሲገዛ የመለዋወጫው ብዛት፣ የአቅርቦቱ ዘመንና የባለሙያው ሥልጠና ከዋጋው እኩል ሊመረመሩ ይገባል። ምጥ የያዛት ሴት ላለችበት ጤና ጣቢያ ወይም የእህል ዋጋ ለሚጠይቅ ገበሬ፣ አንድ ካርድ በመጋዘን ውስጥ መገኘቱና አለመገኘቱ ትልቅ ልዩነት አለው።

ከአገልግሎት የተወገዱ ካርዶች ለፊዚክስና ለሙያ ትምህርት ጥሩ የማስተማሪያ መሣሪያ ይሆናሉ። ተማሪው ትራንስፎርመርን፣ ሬዚስተርን፣ ካፓሲተርንና የተቀናጀ ሰርኪዩትን በዓይኑ ለይቶ ሥዕላቸውን ሊያዘጋጅ ይችላል። ሆኖም በካርዱ ብየዳ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ከሥራ በኋላ እጅ መታጠብ ያስፈልጋል። ባትሪዎችን መክፈት ፈጽሞ አይፈቀድም። የሚሠራ ካርድ የሚነካ ሰው ደግሞ፣ ከሰውነቱ የሚፈሰው የማይታይ ኤሌክትሪክ ካርዱን ሊያቃጥለው ስለሚችል፣ አስቀድሞ ከመሬት ጋር የተያያዘ የእጅ አንጓ ማሰሪያ ማድረግ አለበት።

ማጠቃለያ

ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የመደበኛው ስልክ ድርሻ እየቀነሰ መጥቷል። ይሁን እንጂ ድምፅን ወደ ቁጥር መለወጥ፣ ጥሪን ወደ መድረሻው መምራት፣ ኃይልን በባትሪ መጠበቅና ወሳኝ ካርዶችን በጥንድ ማቆም በአዲሱም መሣሪያ ውስጥ ያሉ ተግባሮች ናቸው። የቀድሞውን ማዞሪያ በሚገባ የተረዳ ተማሪ አዲሱን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። መምህራን በየአካባቢያቸው ካለው የቴሌኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ጋር በመነጋገር የተወገዱ ካርዶችን ለትምህርት ቤታቸው ቢጠይቁ፣ ዕቅድ አዘጋጆችም ይህን ርክክብ ሥርዓት ቢያበጁለት፣ በትንሽ ወጪ ብዙ ጥቅም ይገኛል።