እውነት ወይስ ተረት? የሸናንዶዋ ዳር ርካሽ መሬት

በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ ዕድሜውን በታክሲና በፓርኪንግ ሥራ የገፋ ሰው፣ ጡረታው ሲቃረብ «ወንዝ ዳር ትንሽ መሬት ገዝቼ፣ መንጠቆዬን ይዤ ልቀመጥ» ቢል አይፈረድበትም። የሸናንዶዋ ወንዝ ሁለት ገባሮች የሚገናኙባት ፍሮንት ሮያል ከዋሽንግተን ዲሲ ሩቅ አይደለችም፤ ስሞልማውዝ ባስ የሚባለው ዓሣም እዚያ ስመ ጥር ነው። ችግሩ መሬቱ ለምን እንደረከሰ ሻጩ ቀድሞ አለመናገሩ ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ ማጣራቱን በአብዛኛው ለገዢው የምትተው ስቴት ናት።

«መሬቱ የኔ ከሆነ ቤት እሠራበታለሁ።»

ተረት። አገር ቤት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ እዚህ በግል ስሙ የተመዘገበ መሬት ያገኘ ሰው ሁሉም ነገር የተፈቀደለት ይመስለዋል። ገጠር ውስጥ ግን የከተማ የፍሳሽ መስመር ስለማይደርስ ቤቱ የራሱ ሴፕቲክ ያስፈልገዋል፤ ለዚያም አፈሩ ፍሳሹን በልኩ መምጠጥ አለበት። የአካባቢው ሰው «ፐርክ ያደርጋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የጤና መምሪያው የሴፕቲክ ፈቃድ ካልሰጠ ቤት መሥራት አይታሰብም። የሸናንዶዋ ሸለቆ ብዙ ክፍል ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ነው። አለቱ ለገጽ በቀረበበት፣ ወይም ወንዙ አጠገብ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ባለበት ቦታ ምርመራውን የሚወድቅ መሬት አይጠፋም። ለአስቸጋሪ አፈር የተሠሩ ሌሎች ሲስተሞች አሉ፤ ግን ከተለመደው እጅግ ይወደዳሉ፣ በቨርጂኒያ ደንብም ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር በየዓመቱ መጥቶ ሊያያቸው ግድ ነው። ማስታወቂያው ላይ «ለካምፒንግ የሚሆን» ተብሎ ስለ ቤት አንድም ቃል ከሌለ፣ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት «ፐርክ ካላለፈ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ይግባ። ደላላው ፊቱን ቢያጠቁርም ይግባ።

«የመቶ ዓመት ጎርፍ እኔ በሕይወት እያለሁ አይመጣም።»

ተረት፣ ያውም አደገኛው። ስሙ ነው ሰውን የሚያሳስተው። እንዲህ የተባለው ጎርፍ በማንኛውም አንድ ዓመት የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ለማለት ነው፤ በ30 ዓመት ሲሰላ 26 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሸናንዶዋ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1985 ክፉኛ ሞላ። በ1996 ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የሞላው፤ በጃንዋሪ በረዶው ሲቀልጥ፣ በሴፕቴምበር ፍራን የተባለው ማዕበል ሲመጣ። የፌዴራሉን የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት የፌማን የጎርፍ ካርታ ማየት በነፃ ነው። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው። ደመና አይቶ መሮጥ አያዋጣም።

«ያጠመድሁትን ጠብሼ እበላለሁ።»

እንደ ወንዙ ነው። በዌንዝቦሮ የነበረው የዱፖንት ፋብሪካ ከ1929 እስከ 1950 በሥራው የተጠቀመበት ሜርኩሪ ሳውዝ ሪቨር ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያም ወደ ሸናንዶዋ ደቡባዊ ገባር ወርዷል። ሜርኩሪ ተበትኖ አይጠፋም፤ አፋፉ በተናደ ቁጥር ከአፈሩ ጋር ተመልሶ ይገባል፣ በዓሣውም ሥጋ ይጠራቀማል። የስቴቱ ጤና መምሪያ በሳውዝ ሪቨር ከሚለቀቀው ትራውት በቀር ዓሣ እንዳይበላ ይመክራል። በደቡባዊው ገባርም ምን ያህል መበላት እንዳለበት ገደብ አለ፤ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ምክሩ ይጠብቃል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ፤ የዚህኛው ወንዝ ዓሣ ግን በፍስክም ቢሆን ይታሰብበት። አጥምዶ መልሶ መልቀቅ የሚያረካው ሰው ምንም አይቀርበትም።

«ወንዝ የሁሉ ነው፤ አጥማጅ የሚከለክል የለም።»

በአብዛኛው እውነት፣ በአንዳንድ ቦታ ተረት። ባለመሬት በራሱ ወሰን ውስጥ ሲያጠምድ የማጥመጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ጀልባ ይዞ ከወሰኑ ከወጣ ግን ይጠየቃል። ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ የጃክሰንን ወንዝ ትራውት ለሚመኝ ሰው ሌላ ጉድ አለ። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 በሰጠው ውሳኔ፣ የእንግሊዝ ነገሥታት ጆርጅ ሁለተኛና ጆርጅ ሦስተኛ በሰጡት ርስት ላይ ያሉ ባለመሬቶች በዚያ ክፍል ሌላ ሰው እንዳያጠምድ መከልከል እንደሚችሉ አጽንቷል። እዚያ የሚገዛ ሰው ጠበቃው የመሬቱን ሰነድ ከአሜሪካ ነፃነት በፊት እስካለው ዘመን ድረስ እንዲመረምርለት ይጠይቅ፤ የጎረቤቱንም ጭምር።