የማይዘጋ የዳታቤዝ ግንኙነት፦ የሚጠቅምበትና የሚጎዳበት

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ፣ ከዙሪያቸው የገጠር ቀበሌዎችም ሳይቀር፣ ብዙ ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ድረ ገጽ ላይ ይረባረባል። ገጹ ሲንቀረፈፍ ጣት የሚቀሰረው ኔትወርኩ ላይ ነው። ሆኖም ከስልኩ እስከ ዌብ ሰርቨሩ ካለው መስመር ሌላ፣ ከዌብ ሰርቨሩ እስከ ዳታቤዙ የሚዘልቅ ሁለተኛ መስመር አለ። የውጤት ገጽ ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲሠራ ባለሙያው ይህን ሁለተኛ መስመር ሳይዘጋ ማቆየት ይችላል። ማቆየት ያለበት ግን ሁለቱ ማሽኖች ሲራራቁና ዳታቤዙ የሚችለው የግንኙነት ቁጥር ሲታወቅ ብቻ ነው።

ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ያቀረበው ፒኤችፒ እያንዳንዱን ጥያቄ ለብቻው ያስተናግዳል፤ ገጹ ተልኮ ሲያልቅ የዳታቤዝ ግንኙነቱንም ይዘጋል። ቀጣዩ ተማሪ ሲመጣ ሁለቱ ማሽኖች እንደገና ይተዋወቃሉ፣ የይለፍ ቃል ይፈተሻል፣ ውጤቱ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። በማይዘጋው ግንኙነት ግን ገጹን ያስተናገደው ፕሮሰስ መስመሩን ይዞ ይቆይና ለሚቀጥለው ጥያቄ ይጠቀምበታል። ፒኤችፒን ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ጋር በሚያገናኘው በማይኤስኪውኤልአይ በኩል፣ ከፒኤችፒ 5.3 (እ.ኤ.አ. 2009) ወዲህ፣ ከዳታቤዙ አድራሻ ፊት «ፒ» የተባለውን የላቲን ፊደልና ሁለት ነጥብ ማስቀደም ይበቃል። ባለ ወፍጮ ለእያንዳንዱ ቁና እህል ሞተሩን እያጠፋ እንደማያስነሳ ሁሉ፣ ሐሳቡ ጤናማ ነው።

ትርፉ ግን እንደ ርቀቱ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ዌብ ሰርቨሩ ፍኖተ ሰላም፣ ዳታቤዙ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ቢቀመጥ፣ አንድ ደርሶ መልስ 4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ መተዋወቁ ደግሞ ከአንድ በላይ ደርሶ መልስ ይጠይቃል፣ ምስጠራ ሲታከልበትም ይጨምራል። ሁለቱ በአንድ ማሽን ላይ ካሉ ግን የሚቆጠበው ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጉዳቱ በቁጥር ይታያል። ካልተቀየረ በስተቀር አፓቺ የተባለው ዌብ ሰርቨር፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ፕሮሰስ በሚመድበው በፕሪፎርክ አሠራሩ፣ እስከ 256 ፕሮሰስ ያስነሳል፤ ማይኤስኪውኤል የሚቀበለው 151 ግንኙነት ነው። አንዴ ዳታቤዙን የነካ ፕሮሰስ ሁሉ፣ አሁን ፎቶ ብቻ እየላከ ቢሆንም፣ መስመሩን አይለቅም። ስለዚህ ዳታቤዙ ሥራ በፈቱ መስመሮች ተሞልቶ ውጤት የሚጠይቀውን ተማሪ ይመልሳል። ኔትወርክ በድንገት በሚቋረጥበት አካባቢ ደግሞ ማይኤስኪውኤል የሞተውን ግንኙነት እስከ 28,800 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ሰዓት፣ እንደ ሕያው ሊይዘው ይችላል።

«ታዲያ ገደቡን ከፍ ማድረግ ነው» የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱ ግንኙነት ሜሞሪ ይበላል፣ ፖስትግሬስኪውኤል በተባለው ሌላ ዳታቤዝማ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ነው። «ፍጥነት ካገኘን ምን ቸገረን» ለሚልም፣ የማይዘጋ መስመር የቀደመውን ጥያቄ ትራፊ ለተከታዩ ሊያወርስ ይችላል። ማይኤስኪውኤልአይ መስመሩን አጽድቶ ያስረክባል፤ ፒዲኦ በተባለው ሌላ የፒኤችፒ ማገናኛ ግን ሳይከፈት የቀረ የሠንጠረዥ ቁልፍ ሌላውን ተጠቃሚ ሊያስቆም ይችላል።

ስለዚህ ዌብ ሰርቨሩና ዳታቤዙ አንድ ላይ ካሉ ተራው ግንኙነት ይበቃል። ከተራራቁ የማይዘጋውን መጠቀም ተገቢ ነው፤ የፕሮሰሱ ቁጥር ከዳታቤዙ ገደብ በታች ይሁን፣ የ8 ሰዓቱ ጥበቃም ወደ ደቂቃዎች ይውረድ። ከሁሉ በፊት ግን ለፈተና ቁጥሩ ኢንዴክስ ይሠራለት፤ ለአንድ ተማሪ ውጤት ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች የሚያስስ ዳታቤዝ፣ መስመሩ ክፍት ሆነም አልሆነ፣ ተማሪውን ማስጠበቁ አይቀርም።