ውሉ ላይ የማይጻፈው ዕዳ

ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከቆላ አገር ተመድቦ የሚመጣ ተማሪ ከደብተር በፊት ብርድ ልብስና ጃኬት መግዛት ግድ ይለዋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው የሚለው አባባል መፈተን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በሕጉም ቢሆን ነፃ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ሲገባ ውል ይፈርማል እንጂ ገንዘብ አይቆጥርም። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ዕዳው ይመለሳል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችው አሠራር ለዚህ አርአያ ሆኗል። ገብስ ዘርቶና በግ አርብቶ ለሚኖር በደባርቅ ጎረቤት የዳባት ወረዳ ገበሬ ውሉ ትልቅ በር ከፍቷል፤ ክፍያው በቅድሚያ ቢጠየቅ ብዙ ልጆች ግቢውን አይረግጡም ነበር።

ችግሩ ውሉ የማያውቃቸው ወጪዎች ላይ ነው። የመጀመሪያው ከቤት የሚላከው ምግብ ነው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ገንዘብ ለዓመታት 15 ብር ነበር፤ ቆይቶ 22 ብር ሆነ። በዚህ ብር ሦስቴ መመገብ ቀርቶ ከተማ ወጥቶ አንድ ምሳ መብላትም አይቻልም ነበር። ካፌው ያጎደለውን የሞላው ከቤት የሚላከው በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነው። በ2017 ዓ.ም. በጀቱ ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱ ተገቢ ነው። ሆኖም የምግቡን ሙሉ ወጪ የሚጋራው ተማሪው ስለሆነ፣ ደንቡ እንደተጻፈ ከተሠራበት ጭማሪው ዞሮ ዞሮ ዕዳው ላይ ይደመራል።

ሁለተኛው መንገድ ነው። ምደባው አገር አቀፍ በመሆኑ የዳባት ልጅ ጎንደር ሊደርሰው ይችላል፤ ወለጋም ሊደርሰው ይችላል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች አብዛኞቹ ከአማራ ክልል የሄዱ ነበሩ። ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ፤ ወላጆችም በስልክ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ተጠየቁ። ልጁን ለማስለቀቅ በሬውን የሚሸጥና ከዘመድ የሚበደር አባት፣ ይህን ወጪ የሚያስመዘግብበት ቅጽ የለውም።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ግቢዎችን ዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘለቀ፤ ደባርቅም ተፈናቃዮችን አስጠለለች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የተማሪዎችን ጥሪ ለወራት አዘገየ። ቤቱ ተቀምጦ ጥሪ የሚጠብቅ ወጣት አይማርም፤ ነገ ጥሪ ይወጣል በሚል ተስፋ ቋሚ ሥራም አይዝም።

ከምረቃ በኋላ ደግሞ ክበቡ ይገጥማል። ወጪ መጋራቱን ያልከፈለ ተመራቂ የሚሰጠው ጊዜያዊ ማስረጃ እንጂ ኦሪጅናል ዲግሪው አይደለም። ሥራ ከሌለ የሚቆረጥ ደመወዝ የለም፤ ካልተቆረጠ ዕዳው አይዘጋም፤ ዕዳው ካልተዘጋ ኦሪጅናሉ አይወጣም። በአውስትራሊያ ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ሰው ክፍያ አይጠየቅም። እኛ ግን አሠራሩን ስንቀዳ ይህን ርኅራኄ ወደኋላ ትተነዋል።

የወጪ መጋራት ሐሳብ መፍረስ የለበትም፤ ስሌቱ ግን መታረም አለበት። መንገዱ እስኪረጋ ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎችን በየቅርባቸው ይመድብ። ግቢ በተዘጋበት ጊዜ የተራዘመው ቆይታ በተማሪው ዕዳ ላይ አይጨመር። ሥራ ላላገኘ ተመራቂም ኦሪጅናሉ ይሰጠው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ሥራ ሲያገኝ ነው፤ ሥራ ለማግኘት ደግሞ ማስረጃው ያስፈልገዋል።