ትልቅ ባንድ ከትንሽ ቤት

ሮክ ሲባል ብዙዎቻችን የፈረንጅ ጩኸት ይመስለናል። ጃኖ ባንድ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው «ኤርታሌ» አልበሙ የኤሌክትሪክ ጊታርን ከአገራችን ቅኝቶች ጋር አስማምቷል። የአልበሙ ፕሮዲውሰር አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው።

ለጀማሪ ባንድ ከትልቅ ስታዲየም በፊት የሚያስፈልገው ትንሽ ቤት ነው። የትኛው ዘፈን እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚያሰለች የሚማረው እዚያ ነው። እኛ ባሕር ዳሮች ይህን ከአዝማሪ ቤት እናውቀዋለን፤ አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ፣ የእንግዳውን ፊት እያየ ግጥሙን ይለዋውጣል።

ትንሽ ቤት ግን በቀላሉ ይጠፋል። አዲስ አበባ ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝ አምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ቃጠሎ ወድሟል። ገቢውም ስስ ነው። በማርኬቲንግ ሥራዬ እንደማየው ትልቅ ስፖንሰር የሚሄደው ስም ወዳለው ድምፃዊ ነው፤ የጀማሪዎቹ ስፖንሰር መግቢያ የሚከፍለው ተመልካች ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ አመሻሽ ከጣና ዳር ስትመለሱ አዲስ ባንድ የሚጫወትበት ቤት ካገኛችሁ ጎራ በሉ። ልጆች ከያዛችሁ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የምታውቁት ሰው በነፃ እንዲያስገባችሁ ከመጠየቅ መግቢያውን ክፈሉ። ባትወዱት የከሰራችሁት አንድ ምሽት ነው፤ እነሱ ግን የቀጣዩን ልምምድ ኪራይ ያገኛሉ።