ተጨማሪ መረጃ፦ ፈተናው አልቆ እንቅልፍ እምቢ ሲል

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ካለፈ በኋላም ሌሊት እየባነኑ የሚነሱ ተማሪዎች አሉ። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለ የጭንቀት ሆርሞን ያመነጫሉ፤ መጠኑ ጠዋት ከፍ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል። ለወራት የቆየ ጭንቀት ይህን ዑደት ሊያዛባው ይችላል። ተመራማሪው ሐንስ ሴልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው ጥናት፣ ለብርድና ለጉዳት የተጋለጡ አይጦች አድሬናል ዕጢ እንደሚያብጥ አሳይቷል።

ስለዚህ ሰውነት «በቃ፣ አለቀ» ስለተባለ ብቻ ወዲያው አይረጋም። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መዋልም (ብዙዎች ዕረፍት የሚሉት ይህንኑ ነው!) የሌሊቱን እንቅልፍ ይሻማል። የሚሻለው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ መራመድና ከሰዓት በኋላ ቡና መተው ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ግን ጤና ጣቢያ ሂዱ።