አሮጌ ትራክተር አልነሣ ሲል፤ ጉድለቱ ከሞተሪኖው ነውን ወይስ ከሽቦው?

በነቀምቴ ዙሪያና በአንገር፣ በዴዴሳ ሸለቆዎች ገበሬው ከግንቦት ዝናብ ጋር ይሽቀዳደማል፡፡ በዚያ ወቅት ትራክተሩ አልነሣ ያለበት ሰው የዘር ቀኑ ያልፍበታል፡፡ ብዙ ጊዜም ሞተሪኖው ተቃጥሏል በሚል ግምት 330 ኪሎሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከአዲስ አበባ ሌላ ሞተሪኖ ያስመጣል፤ አዲሱም ተገጥሞ እንደ አሮጌው ዝም ይላል፡፡ ስለዚህ ሞተሪኖው ከመፈታቱ በፊት ሽቦው እንዴት እንደሚመረመር እናስረዳለን፡፡

ለምሳሌ ከ1964 እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) የተሠራውን ማሲ ፈርጉሰን 135 እንውሰድ፡፡ የኤሌክትሪኩ መንገድ ሁለት ነው፡፡ ቀጭኑ ሽቦ በቁልፉና ማርሽ ዜሮ ላይ ሲሆን ብቻ በሚያሳልፈው መከላከያ በኩል ወደ ሶሌኖይዱ ይሄዳል፤ ወፍራሙ ገመድ ደግሞ ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው ይደርሳል፡፡ ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ካልተሰማ ምርመራው ከቀጭኑ መንገድ ይጀምራል፡፡ አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ወፍራሙ ገመድ ወይም ሞተሪኖው ይጠረጠራል፡፡ ቀጭ ቀጭ እያለ ከደጋገመ ግን ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል፡፡

አሳሳቹ ነገር አምፖል ነው፡፡ የወለጋ ዝናብ ብዙ ስለ ሆነ የባትሪው ራስና ባትሪውን ከትራክተሩ ብረት ጋር የሚያያይዘው ገመድ ቶሎ ይዝጋሉ፡፡ ዝገቱ የ0.02 ኦም መከላከል ቢፈጥር፣ ግማሽ አምፔር እንኳ የማይፈልገው የመፈተሻ አምፖል ያለ ችግር ይበራል፤ መርማሪውም «ሽቦው ደኅና ነው» ይላል፡፡ ነገር ግን ሞተሪኖው 200 አምፔር ሲስብ በዚያው ዝገት ላይ 4 ቮልት ይባክናል፡፡ እንግዲህ የገመድ ደኅንነት የሚታወቀው ሸክም ሲሸከም ነው እንጂ ሥራ ፈትቶ ሳለ አይደለም፡፡

አለካኩም እንዲህ ነው፡፡ የሞላ ባትሪ ሳይሠራ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ይመርመር፡፡ ቀጥሎ የቮልት መለኪያው አንዱ ጫፍ በባትሪው ራስ ላይ፣ ሌላው በሞተሪኖው የገመድ መግቢያ ላይ ተደርጎ ቁልፉ ይዞር፡፡ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ማሰሪያዎቹ ተፈትተው ይጠረጉ፣ ይጥበቁም፡፡ በሌላው የባትሪ ራስና በሞተሩ ብረት መካከልም እንዲሁ ይለካ፡፡

ሞተሪኖው በኀይል እያዞረ ሞተሩ ካልተነሣ ጥያቄው ሌላ ነው፡፡ የቤንዚን ሞተር ከሆነ ቦቢናው፣ ፑንቲናውና ካንዴላው ይታያሉ፡፡ የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ ስለሌለው፣ ማጥፊያው ተስቦ እንደ ሆነና በናፍጣው መሥመር አየር ገብቶ እንደ ሆነ ይታይ፡፡

በመጨረሻም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፡፡ ቁልፉ እንቢ ሲል የሞተሪኖውን ጫፎች በካቻቢቴ ማገናኘት የተለመደ ነው፡፡ ይህ ድርጊት የማርሹን መከላከያ ስለሚያልፈው፣ ማርሽ የገባበት ትራክተር ከጎማው ፊት በቆመው ሰው ላይ ይሄድበታል፡፡ የጠፋ የዘር ቀን በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል፤ የጠፋ ሰው ግን አይመለስም፡፡