ከወልድያ እስከ መርሳ፦ ወደ ቢሮ የሚመልሰው መንገድ

ከቤት ሆኖ መሥራት በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በውሳኔ የመጣው በመጋቢት 2012 ነው። የኮሮና ቫይረስ አገር ውስጥ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን ከተነገረ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከመጋቢት 16 ጀምሮም አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ተወሰነ። መጋቢት 30 የታወጀው የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ የሕዝብ ማመላለሻዎች ከመቀመጫቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ አስገደደ። ሠራተኛው ወደ ቢሮ የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። ዓመቱ አልቆ የአዋጁ ጊዜ ሲያበቃ አብዛኛው ሠራተኛ ወደ ቀድሞ ወንበሩ ተመልሶ ነበር።

በአማራ ክልል ሰሜን ወሎ ዞን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ሠራተኛው ከቢሮው ርቆ የቆየበት ረጅሙ ጊዜ በበሽታው ሳይሆን ዓመት ቆይቶ ከትግራይ ወደ አማራ ክልል በተስፋፋው ጦርነት የመጣው ነው። በሁለቱም ጊዜ ሥራውን ይዞ ወደ ቤት የገባ ሠራተኛ ጥቂት ነበር። ብዙው ከሥራም ከቢሮም ራቀ፤ ሲመለስም ወደ ሁለቱም እኩል ተመለሰ።

አንድ ሥራ ከቤት መሠራት አለመሠራቱን የሚወስነው የሠራተኛው ፍላጎት ብቻ አይደለም። ዋናው ጥያቄ ሥራው የተጻፈው በምን ላይ ነው የሚለው ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሥራው የተጻፈው በወረቀት ላይ ነው። አንድ አርሶ አደር የመሬት ይዞታ ጉዳይ ይዞ ወደ ወረዳው ከተማ መርሳ ሲመጣ ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገቢ ይሆንና ቁጥር ይሰጠዋል። ኃላፊው ይመራበታል፤ ባለሙያው የቆየውን ፋይል አስወጥቶ ያያይዘዋል፤ ውሳኔው በደብዳቤ ወጥቶ ይፈረማል፤ ማህተም ያርፍበታል፤ ግልባጩ ለሚመለከታቸው ይላካል። ከእነዚህ እርከኖች አንዱም ሳሎን ተቀምጦ አይሠራም። ማህተሙን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ቤቱ የሚያድር ኃላፊ ቢገኝ እንኳ ከሐሜት አይተርፍም። ባለጉዳዩም ቢሆን ደብዳቤው በስልክ ቢላክለት ማህተም ያረፈበትን ዋናውን ወረቀት በእጁ እስካልያዘ ድረስ ጉዳዩ አልቋል ብሎ ወደ ቀየው አይመለስም።

መሣሪያው ጨርሶ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። ወረዳ ኔት የተባለው የመንግሥት መረብ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ተዘርግቶ የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ሲያገናኝ ቆይቷል። ሌላው ዓለም ዙም የሚባለውን መተግበሪያ ከመልመዱ ከ10 ዓመት በላይ ቀድሞ የኢትዮጵያ የወረዳ ኃላፊዎች በምስል ሲነጋገሩ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን መረቡ ያጓጓዘው ስብሰባውን ነው እንጂ ፋይሉን አይደለም። ተሰብሳቢውም ቢሆን ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ወረዳው አዳራሽ መምጣቱ አልቀረም።

ከቢሮ ውጭ መሥራትም ለዚህ አካባቢ ሠራተኛ አዲስ ነገር አይደለም። ባለጉዳይ ወረዳ ሄዶ «መስክ ወጥቷል» የሚል መልስ ያልሰማበት ዘመን የለም። ከ1995 ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መድቧል። የግብርና ልማት ሠራተኞችም በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ተከፍለው ከአርሶ አደሩ ዘንድ ተመድበዋል። ሥራቸው ከመነሻው ከከተማ የራቀ ነው። ሀብሩ ከምሥራቁ ቆላ እስከ ምዕራቡ ተራራ የተዘረጋ ወረዳ በመሆኑ ከአስፋልቱ ወጣ ያለ ቀበሌ ለመድረስ ሞተር ብስክሌት ወይም የእግር መንገድ ግድ ይላል። የእነርሱ ችግር የከተማው ሠራተኛ ችግር ግልባጭ ነው፦ ምደባቸው ቀበሌ፣ ልጃቸው የሚማርበት ትምህርት ቤት ግን መርሳ ወይም ወልድያ ነው። ስለዚህ ጠዋት ከከተማ ወደ ገጠር፣ ማታ ከገጠር ወደ ከተማ ይመላለሳሉ። ከገጠር መምህራንም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው።

ከቤት ሊሠራ የሚችለውን የሥራ ድርሻ የለኩ አሉ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጆናታን ዲንግልና ብሬንት ኔይማን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት ከአሜሪካ ሥራዎች 37 በመቶው ሙሉ በሙሉ ከቤት ሊሠራ እንደሚችል አስልተዋል። የአገሩ ገቢ ዝቅ ባለ ቁጥር ድርሻው እንደሚያንስም አሳይተዋል። እርሻ፣ ንግድ፣ ትምህርትና ጤና በሚበዙበት በሰሜን ወሎ ውጤቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ የመጣው አብዛኛው ሠራተኛ ወደ ቢሮው ከተመለሰ በኋላ ነው። ወልድያ በነሐሴ 2013 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ ነፃ የወጣችው በታኅሣሥ 2014 ነው። በእነዚህ አራት ወራት መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ቆዩ። ከሠራተኛው ገሚሱ ወደ ደሴ ተሰደደ፤ ደሴም በጥቅምት ስትያዝ እንደገና ወደ ደቡብ ተጓዘ። ገሚሱ እዚያው ከቤተሰቡ ጋር ቀረ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ የወልድያ ሆስፒታልና የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ከተዘረፉት ተቋማት መካከል ናቸው።

ስለዚህ የ2014ቱ መመለስ ከ2012ቱ እጅግ ይከብድ ነበር። በኮሮና ጊዜ ሠራተኛው ሲመለስ ጠረጴዛው አቧራ ጠጥቶ ጠበቀው። ከጦርነቱ ሲመለስ ግን ጠረጴዛውም ኮምፒውተሩም የሌለበት ቢሮ ብዙ ነበር። ፋይልም አብሮ ሲጠፋ የሚጎዳው መሥሪያ ቤቱ ብቻ አይደለም፤ የይዞታ፣ የጡረታ፣ የትምህርት ማስረጃ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ነገሩን ከሀ መጀመር ይኖርበታል። ከቤት ስለ መሥራት በሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። የመረጃ ቅጂ በሌላ ቦታ መኖሩ ሠራተኛውን ከመንገድ ከማሳረፉ ይልቅ የሕዝቡን መብት ከቃጠሎና ከዝርፊያ ማዳኑ ይበልጣል።

መረጋጋቱም ቶሎ አልመጣም። በነሐሴ 2014 ውጊያው አገርሽቶ ቆቦ ስትያዝ ከወልድያ ብዙ ሰው እንደገና ወደ ደሴ ሸሸ። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋረጠ። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ሠራተኛውን «ቤትህ ሆነህ ሥራ» ሊል በሚችልበት በዚያው ጊዜ ወልድያ ያለ ሰው ኢሜይሉን መክፈት አይችልም ነበር። መንገዱም በየጊዜው ሲዘጋ ሠራተኛው ቢሮም መድረስ አልቻለም፤ ከቤትም መሥራት አልቻለም።

መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ጉዞው ይህን ይመስላል። ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የመቀሌው፣ የደብረ ታቦሩና የደሴው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ደቡብ በሲሪንቃ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ትገኛለች። መንገዱ ከፍ ካለችው ወልድያ ወደ ሞቃቷ መርሳ እየወረደ የሚሄድ ዋና አውራ ጎዳና በመሆኑ ሚኒባሱ ከከባድ መኪኖች ጋር ተጋፍቶ ነው የሚያልፈው። በዚህ መስመር ላይ የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች፣ የሲሪንቃው ማዕከልና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መርሳ ግቢ አሉ። ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ ያሉባት ወልድያ ሰፊ ከተማ ስለሆነች ቤቱን እዚያ አድርጎ ሥራው መርሳ የሆነ ሠራተኛ አይጠፋም።

ርቀቱ ለመኪና ትንሽ ነው፤ ሰዓቱን የሚበላው መናኸሪያው ነው። የመንግሥት ቢሮ የሚገባው 2፡30 ላይ ነው፤ ሚኒባስ የሚነሣው ደግሞ ሲሞላ ነው። ሠራተኛው ለሰዓት ፊርማ ለመድረስ ሲል ወይ ማልዶ ይወጣል፣ ወይ ከመናኸሪያ ውጭ ቆሞ በትርፍ ይጫናል። ማታ 11፡30 ላይ ከመርሳ ሲመለስ ከደሴ የሚመጡት መኪኖች ሞልተው ያልፋሉ። ከመናኸሪያ እስከ ቤት ያለችው ባጃጅም የራሷን ድርሻ ትወስዳለች። በመንገድ የሚያልፈው ይህ ሁሉ ጊዜ በሳምንት 39 ሰዓት ከሆነው የመንግሥት የሥራ ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም።

ወጪውም ከኮሮና ዘመኑ ጋር አይወዳደርም። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ እየተቀነሰ ለሕዝብ ማመላለሻዎች ብቻ በቴሌብር እንዲሰጥ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የነዳጅና የመለዋወጫ ዋጋ እንደገና ወጣ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝም ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ታሪፍ ግን የሠራተኛውን የደመወዝ ቀን ጠብቆ አይጨምርም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የፌዴራል ሠራተኛው መታወቂያውን አሳይቶ በነፃ የሚሳፈርበት የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ አለ። የወረዳ ሠራተኛ በየቀኑ ከኪሱ ይከፍላል።

ምልልሱ እጅግ የሚከብደው ከወሊድ ፈቃድ ለምትመለስ እናት ነው። በሕጉ መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ታገኛለች። ከዚያ ሦስት ወር ያልዘለለ ሕፃን ወልድያ ትታ መርሳ መዋል አለባት። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ይህ አሠራር እስከ ወረዳ ቢወርድ ከየትኛውም የኢንተርኔት ዕቅድ ቀድሞ ለእርሷ ይደርስላታል።

በሌላው ዓለም ክርክሩ የተጧጧፈው በሌላ ነጥብ ላይ ነው። አማዞን ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ የቢሮ ሠራተኞቹን በሳምንት አምስት ቀን ጠርቷል፤ ስሙ ከቤት ሆኖ ከመሥራት ጋር የተቆራኘው ዙም ራሱ ለቢሮው ቅርብ የሆኑ ሠራተኞቹን እ.ኤ.አ. በ2023 በሳምንት ሁለት ቀን እንዲገቡ አዟል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ኒኮላስ ብሉም ከባልደረቦቹ ጋር በአንድ የቻይና የጉዞ ኩባንያ 1,612 ሠራተኞች ላይ ያደረገው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታትሟል። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት የሠሩት በሥራ ውጤትም በእድገትም ከሌሎቹ አላነሱም፤ ሥራ የሚለቀው ሰው ግን በሲሶ ቀነሰ። ኩባንያው ይህን ያገኘው ሥራው ሁሉ በኮምፒውተር ላይ ስለነበረና ሠራተኛው የሚመዘነው ባቀረበው ሥራ ስለነበረ ነው። በሰዓት ፊርማ ብቻ የሚመዘን ሠራተኛ ቤቱ ሲሆን የሚመዘንበት ነገር የለም።

በወልድያና በመርሳም ለዚህ የሚሆን ሥራ አለ። የተመራማሪ የመረጃ ትንተና፣ የመምህር የፈተና እርማት፣ የዕቅድ ባለሙያ የሩብ ዓመት ሪፖርት በሳምንት አንድና ሁለት ቀን ከቤት ቢሠራ ማንም ባለጉዳይ አይጉላላም። ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ባለሙያ ግን ቦታው መስኮቱ ነው። ሥራውን ሳይለዩ ለሁሉም ፈቃድ መስጠት ወይም ሁሉንም መከልከል የሰነፍ አስተዳደር ነው።

ሕጉም ስለ ምልልሱና ከቤት ስለ መሥራት የሚለው አለው። የግል ድርጅቶችንና የመንግሥት ልማት ድርጅቶችን ሠራተኞች የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ አሠሪው ባቀረበው ወይም ለዚሁ በተከራየው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የሚደርስበትን ጉዳት በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጥረዋል። በራሱ ከፍሎ በሚኒባስ ለሚጓዘው ይህ ድንጋጌ አልተጻፈም። አዋጁ ስለ ቤት ውስጥ ሥራ ውልም ይደነግጋል፤ አሠሪው የሠራተኛውን አድራሻ፣ የሰጠውን ዕቃ ዓይነትና ዋጋ፣ የታዘዘውን ሥራ መጠንና ክፍያውን በመዝገብ እንዲይዝ ያስገድዳል። ድንጋጌው ሲጻፍ የታሰበው ጥሬ ዕቃ ተቀብሎ ቤቱ የሚሠራ ሰው እንደነበር ከአጻጻፉ ይታያል። ቢሆንም ኮምፒውተርም ዕቃ ነው፤ ሪፖርትም ሥራ ነው። ከቤቱ እንዲሠራ የሚጠየቅ የድርጅት ሠራተኛ የመሣሪያውንና የኢንተርኔቱን ወጪ ማን እንደሚችል፣ መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ቀኑ እንዴት እንደሚቆጠር ሥራውን ሳይጀምር በጽሑፍ ያስይዝ።